ሙሽሪት ከወታደሩ መቃብር ምን አላት?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ባለፈው ሐምሌ ለሥልጠና ሞስኮ ሄጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ በክሬምሊን ግንብ ሥር ባለው መናፈሻ ስንሸራሸር፣ እሳት የሚነድበት መቃብር አየን። ወታደሮች ቆመው ይጠብቁታል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ሙሽሮች ከነቬሏቸው መጥተው አበባ አስቀምጠው ሄዱ። አንዷ ከያዘችው እቅፍ ሁለት አበባ መዝዛ አኖረች። በሠርግ ቀን መቃብር መሄድ ሟርት አይሆንባቸውም? የጥንት የኦርቶዶክስ ሥርዓት ነው ወይስ ኮሚኒስቶቹ ያመጡት? ደግሞ ለምን ሁለት?»

መልስ፦

ሁለቷን አበባ ማስተዋልሽ ገርሞኛል። ብዙ ሰው ቬሎውን አይቶ ነው የሚያልፈው። የአበባዋን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አጭሩ መልስ። የጥንት አይደለም። ያየሽው ልማድ ዕድሜው ቢበዛ ስልሳ ምናምን ዓመት ነው። ኮሚኒስቶቹ ያመጡት ነው ቢባል ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። በሩን የከፈተው መንግሥት ነው። በዚያ በር የገባው ሕዝብ ግን የራሱን ሐዘን ይዞ ነው የገባው።

አሁን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ በደርግ ጊዜ ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ የሕዝብ ባህል ጥናት ነው የተማርኩት። ቋንቋው ገና ሳይገባኝ መምህራችን ስለ ድሮ የገበሬ ሠርግ ስታስተምር «ስቫዴብኒ ፖዬዝድ» አለች። ስቫዴብኒ የሠርግ ማለት ነው። ፖዬዝድ ደግሞ እኔ በማውቀው ባቡር ነው። ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ «የሩሲያ ገበሬ ሙሽራውን በባቡር ይወስዳል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ ደብተሬን ካዩ በኋላ ወር ሙሉ ሳቁብኝ።

ቃሉ ባቡር ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። አብሮ ተሰልፎ የሚጓዝ የጋሪ ወይም በበረዶ ላይ የሚንሸራተት የፈረስ ሠረገላ ማለት ነው። ያው የኛ የሙሽራ አጃቢ። ፈረሶቹ ደወልና ጥብጣብ ይታሰርላቸዋል። ደወሉ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክፉ መንፈስ ያባርራል ይባላል። «ድሩዥካ» የሚባለው ዋናው ሚዜ ሥዕለ አድኅኖ ይዞ ሰልፉን ይዞራል፤ ቡዳ እንዳይበላቸው ነው። በቀጥታው መንገድ መሄድም አይወደድም። ዞር ዞር ብለው ነው የሚሄዱት። የመንደሩ ሰው ግንድ አጋድሞ ወይም ገመድ ዘርግቶ መንገድ ይዘጋና ቮድካ ካልተሰጠኝ አላሳልፍም ይላል።

ይህ ሁሉ ጉዞ መድረሻው አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን «ቬንቻኒዬ» ትለዋለች። ቃሉ አክሊል መድፋት ማለት ነው። የኛ ተክሊል ማለት ነው፤ በሙሽሮቹ ራስ ላይ አክሊል ይያዛል። ከዚያ ወደ ሙሽራው ቤት። በመንገዱ ላይ የሚጎበኝ ሐውልት የለም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ቦልሼቪኮቹ ሥልጣን በያዙ በሁለት ወር ውስጥ፣ ታኅሣሥ 1917፣ መንግሥት ከእንግዲህ የሚያውቀው በራሱ መዝገብ የተጻፈውን ጋብቻ ብቻ ነው የሚል አዋጅ ወጣ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት «ዛግስ» ይባላል። የኛው ወሳኝ ኩነት ማለት ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት ሁሉም እዚያ ነው የሚጻፈው። አንዲት ሙሽራ የጋብቻ ፊርማዋን ለመፈረም ስትገባ፣ ከፊቷ የተሰለፈው ሰው የእናቱን ሞት ሊያስመዘግብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያጉረመረሙበት ነገር ነው።

በ1920ዎቹ ወጣት ኮሚኒስቶች «ቀይ ሠርግ» የሚባል ነገር ሞክረው ነበር። በፋብሪካ ክበብ ውስጥ፣ ንግግር በንግግር ላይ ተደርድሮ። ቀለበት የቡርዣ ነው ተብሎ ተነወረ። የ1926ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ሳይፈርሙ አብረው የሚኖሩትንም እንደ ባልና ሚስት ተቀበለ። እስከ 1944 ድረስ እንዲያ ነበር። እንግዲህ አስቢው፤ ተክሊሉ ተወስዷል፣ በቦታው የተተካው የቢሮ መስኮት ነው።

የሶቭየት መሪ የነበረው ክሩሽቾቭ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሃይማኖት ላይ አዲስ ዘመቻ ከፈተ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ካድሬዎቹን ግን አንድ ነገር አስቸገራቸው። በእግዜር አላምንም የሚል ወጣት ሳይቀር ለሠርጉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ለምን ሲሉት «ያምራላ!» ይላል። ዝማሬ አለ፣ ሻማ አለ፣ አክሊል አለ። በዛግስ ያለው ቀለም፣ ማኅተምና አንዲት የደከማት ጸሐፊ ናት።

ስለዚህ መንግሥት የራሱን ውበት ሊሠራ ተነሣ። ኅዳር 1 ቀን 1959 ሌኒንግራድ ውስጥ፣ በኔቫ ወንዝ ዳር ባለ የድሮ መሳፍንት ቤት፣ የመጀመሪያው «የጋብቻ ቤተ መንግሥት» ተከፈተ። የእብነ በረድ ደረጃ አለው፣ መስታወት አለው፣ የሜንዴልሶን የሠርግ ማርሽ ይመታበታል። በዓመቱ ሞስኮም የራሷን ከፈተች። በ1963 የመጀመሪያዋ ሴት የጠፈር ተጓዥ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ እዚያው የሞስኮው ውስጥ ስታገባ አገር ምድሩ አየ። በ1964 ደግሞ የሩሲያ ሪፐብሊክ መንግሥት አዳዲስ ሲቪል ሥርዓቶች በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ እንዲገቡ ውሳኔ አወጣ።

አሁን ወደ ነገሩ ቋጠሮ ደርሰናል።

ቤተ መንግሥቱ ቆንጆ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ። ንግግር፣ ፊርማ፣ ቀለበት፣ መሳም፣ በቃ። የሚቀጥሉት ሙሽሮች በር ላይ ቆመዋል። ግብዣው ያለው ማታ ነው። እቤት እንዳይሄዱ ቤቱ ጠባብ ነው፤ እናቶች ጠረጴዛ አጋጥመው ሰላጣና ሥጋ በመደርደር ላይ ናቸው፣ ሙሽራ እግራቸው ሥር እንዲመጣ አይፈልጉም። ያን ሁሉ ሰዓት ሙሽሮቹ ከነሙሉ ልብሳቸው የት ይዋሉ?

ያ የድሮው ፖዬዝድ ትዝ ይበልሽ። ፈረሱ ሄደ፤ በቦታው ቮልጋ የምትባለው መኪና መጣች። ዕድል የቀናው «ቻይካ» የምትባለውን ረጅሟን የባለሥልጣን መኪና ይከራያል። ሌላው የዘመድ ዢጉሊ ይለምናል። ዢጉሊ ማለት አዲስ አበባ ላዳ የምንላት ናት። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ትልልቅ ቀለበቶች፣ አፍንጫዋ ላይ ቬሎ የለበሰች አሻንጉሊት፣ ጥብጣብ፣ ፊኛ። ደወሉ ቀርቶ ክላክስ ሆነ። ይህን ዙረት «ፕሮጉልካ» ይሉታል፤ ሽርሽር ማለት ነው። ጎረቤት መንገድ ዘግቶ መጠጥ ወይም ከረሜላ መጠየቁ እንኳ አልቀረም። እኔም አንድ ጊዜ ከተማሪዎች መኖሪያችን በር ላይ ገመድ ይዤ ቆሜ፣ አንድ ጠርሙስ ሻምፓኝ ተቀብያለሁ።

መዞሩ ስለዚህ አሮጌ ነው። አዲሱ ነገር የሚደረስበት ቦታ ነው። የድሮው ጉዞ ቤተ ክርስቲያን ይደርስ ነበር፤ ይኸኛው መድረሻ አልነበረውም። መጀመሪያ ካድሬዎቹ የመከሩት የሌኒንን ሐውልት ነው። እሱ ደግሞ በየከተማው አለ። ሙሽሮቹ ሄደው አበባ አስቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ባየኋቸው ፎቶዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የሁሉም ፊት የመታወቂያ ፎቶ የሚነሣ ሰው ፊት ነው።

ከዚያ የጦርነቱ መታሰቢያዎች መጡ። እዚህ ላይ ዘግየት ማለት እፈልጋለሁ።

ሶቭየት ኅብረት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 27 ሚሊዮን ያህል ሰው አጥታለች። ይህን ቁጥር ሰው በቀላሉ ይጠራዋል። ግን በየቤቱ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ እይው። ብዙዎቹ «የት እንደወደቀ አይታወቅም» የሚል ወረቀት ብቻ ነው የደረሳቸው። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ ሄደው የሚያለቅሱበት ቦታ የለም። መንግሥትም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ስለ ሐዘኑ ብዙ ማውራት አልፈለገም። የድል ቀን፣ ግንቦት 9፣ ከ1948 ጀምሮ ተራ የሥራ ቀን ነበር። በሀያኛው ዓመት፣ በ1965፣ ነው እንደገና በዓል ሆኖ ሥራ የተዘጋው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። የማይጠፋ እሳት ከ1957 ጀምሮ ሌኒንግራድ ውስጥ፣ «የማርስ ሜዳ» በሚባለው ቦታ ይነድ ነበር። ያኔ የአብዮቱ ሰማዕታት መታሰቢያ ነበር። ታኅሣሥ 1966 ከሞስኮ ወጣ ብሎ በሌኒንግራድ አውራ ጎዳና 41ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከነበረ የጋራ መቃብር የአንድ ስሙ ያልታወቀ ወታደር አፅም ተነሥቶ፣ በክሬምሊን ግንብ ሥር ተቀበረ። ግንቦት 8 ቀን 1967 ያኔ የፓርቲው መሪ የነበረው ብሬዥኔቭ እሳቱን ለኮሰው። ችቦው የመጣው ከሌኒንግራድ ከዚያው ከማርስ ሜዳ ነው። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አንብበሽው ይሆናል፦ «ስምህ አይታወቅም፣ ጀግንነትህ ግን አይሞትም።» በዚያው ዓመት ጥቅምት ቮልጎግራድ ላይ፣ ከእግሯ እስከ ሰይፏ ጫፍ 85 ሜትር የምትረዝመው የእናት አገር ሐውልት ተመረቀች። ከዚያ ወዲህ የራሱ እሳት ወይም ሐውልት የሌለው ከተማ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በ1967 የሀያ ሁለት ዓመት ሙሽራ መቼ ተወለደች? በ1945። የሀያ አምስት ዓመቱ ሙሽራስ? በ1942። እሳቱ በተለኮሰ ጊዜ ለጋብቻ የደረሰው ትውልድ አባቱን ጦርነቱ የበላበት ትውልድ ነው። ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ግን እኔ ራሴ ያየሁት ተምሬ ከጨረስኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ልክ በዚህ ቦታ የድሮው ልማድ ተመልሶ ይመጣል። በሩሲያ ገጠር አባቷ የሞተባት ልጅ ልታገባ ስትል መቃብሩ ላይ ትሄዳለች። ትሰግዳለች፣ ታለቅሳለች፣ በዜማ ትጣራለች። ምድር ሆይ ተከፈቺ፣ አባቴ ተነሥና መርቀኝ ነው ልቅሶው። እኛ ዘንድ ሙሽሪት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የወላጆቿን ጉልበት ስማ ትመረቃለች አይደል? እነሱም ያለ ምርቃት አይወጡም። ወላጅ ከሞተ ደግሞ ምርቃቱ ከመቃብር ነው የሚለመነው። የሠርግ ልቅሶ የሰበሰቡ ሰዎች ይህን የሙት ልጅ ሙሽራ ሥርዓት ደጋግመው መዝግበውታል።

የ1967ቷ ሙሽራ ይህን ሥርዓት ታውቀው ነበር ማለቴ አይደለም። ከተሜ ናት፣ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ አያቷ ግን ታውቀዋለች። አባቷ መቃብር የለውም። በድንገት መንግሥት መሃል ከተማ ላይ ስም የሌለው መቃብር ሠራ። ስም የሌለው መቃብር ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ የማንም አባት ሊሆን ይችላል። «ምናልባት የኔው ነው» ማለትን የሚከለክል የለም።

የኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አይስማሙም። አንዳንዱ ነገሩ ከላይ በመመሪያ የወረደ ነው ብሎ ይዘጋዋል። የጋብቻ ቤተ መንግሥት ሠራተኞች እንዲመክሩ፣ የወጣት ማኅበሩ እንዲገፋፋ መደረጉ እውነት ነው። ግን መመሪያውን የምትፈትኚበት ቀላል መንገድ አለ። ፓርቲው በ1991 ወደቀ። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አላዘዘም። ለሌኒን ሐውልት አበባ የሚወስድ ሙሽራ ዛሬ ብርቅ ነው። ወደ እሳቱ የሚሄደውን ግን አንቺ ራስሽ በአንድ ሰዓት አራት ቆጠርሽ። በትእዛዝ የቆመው ትእዛዙ ሲቀር ቀረ።

ሌላም ማስረጃ አለኝ፤ ይኸኛውን ስናገር ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ካሊኒንግራድ የምትባል ከተማ አለች፣ በባልቲክ ባሕር ዳር። እስከ 1945 የጀርመን ከተማ ነበረች፣ ስሟም ክዮኒግስበርግ። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመኖቹ ተባረሩ፤ ከሩሲያ፣ ከቤላሩስ፣ ከዩክሬን የመጡ ሰፋሪዎች ገቡባት። ከተማዋ በቦምብ ፈርሳለች። ለሰፋሪው ደግሞ በዚያ አፈር ውስጥ የተቀበረ አያት የለውም። ከፈረሰው ትልቅ ካቴድራል ጎን ግን አንድ መቃብር ተርፏል፤ የፈላስፋው የካንት። ምን ሆነ መሰለሽ? የከተማዋ ሙሽሮች ወደ ካንት መቃብር አበባ ይዘው መሄድ ጀመሩ። እስከ ዛሬም ይሄዳሉ። ካንት ደግሞ ዕድሜ ልኩን ላጤ ነበር! ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሞተ፤ ሰማንያ ግን አልፈረመም። ይህን ጀርመናዊ ፈላስፋ ለሙሽሮች አባት አድርጎ የመደበ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት የለም። ሙሽራ በዚያ ቀን ከአንድ ሟች ፊት መቆም ይፈልጋል፤ የራሱ ሟች ከሌለው ከተማዋ ያላትን ይወስዳል።

ከ1991 ወዲህ ያለው ብዙው ጨዋታ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ፒተርስበርግ ውስጥ ሙሽሮች የታላቁ ጴጥሮስን የነሐስ ፈረሰኛ ሐውልት ሳያዩ አይውሉም። ፎንታንካ ወንዝ ዳር በ1994 የተተከለች 11 ሳንቲ ሜትር የምታህል የነሐስ ወፍ አለች፤ «ቺዢክ ፒዢክ» ትባላለች። ሙሽራው ብርጭቆ በክር አንጠልጥሎ አውርዶ ከመንቁሯ ጋር ያጋጫል። ኡራል ተራራ ላይ አውሮፓና እስያ የሚዋሰኑበት ሐውልት ዘንድ ሄደው ጥብጣብ ያስራሉ። ሙሽሪትን አቅፎ ድልድይ ማሻገርም አለ፤ የበረታ ሰባት ድልድይ ያሻግራል፣ ያልበረታ ሦስተኛው ላይ ሚዜ ይጠራል። ቁልፍ ድልድይ ላይ ቆልፎ መክፈቻውን ወንዝ መጣል ደግሞ ከ2000ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። ሞስኮ ውስጥ ድልድዩ ሲከብድበት ከተማው የብረት ዛፍ ተክሎ ቁልፉ እዚያ ላይ እንዲንጠለጠል አደረገ። ተክሊሉም ተመልሷል፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ዛግስ ሳይፈርሙ አታጋባም። አዲስ አበባ ሙሽራ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ለፎቶ መናፈሻ ለመናፈሻ ሲዞር ከሩሲያ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ምንም ግንኙነት የለውም። የኛ የካሜራ ሥራ ነው።

ወደ ሟርቱ እንምጣ። ሩሲያውያን ሟርት አይፈሩም ብለሽ እንዳታስቢ። በጣም ይፈራሉ። በግንቦት ማግባት የሚጠላ ብዙ አለ፤ የወሩ ስም «መሰቃየት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚገጥም በግንቦት ያገባ ዕድሜ ልኩን ይሰቃያል ይላሉ። የሠርግ ሰልፍ ከቀብር ሰልፍ ጋር ቢገናኝ ክፉ ምልክት ነው። ተራ መካነ መቃብር ከነቬሎው የሚገባ ሙሽራም አታገኚም። እሳቱን ግን እንደ መካነ መቃብር አያዩትም። ስትሄጂ አይተሽ ከሆነ ማንም አያለቅስም፣ ማንም ብዙ አይቆይም። አበባ ያኖራሉ፣ ለአፍታ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ሚዜዎቹ መናፈሻው በር ላይ ሻምፓኝ ይከፍታሉ። የተመረቀ ሰው ነው የሚመስሉት።

የዛሬዋ ሙሽራ አባቷ በሕይወት አለ፤ ምናልባት መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። ያ ጦርነት የቅድመ አያቷ ነው። ሄዳ የምታኖረው እናቷና አያቷ ስላኖሩ ነው። ልማድ እንዲህ ነው የሚተርፈው፤ ምክንያቱ ቀድሞ ይሞታል።

ሁለቷ አበባ እንግዲህ። ሩሲያ ውስጥ አበባ ይቆጠራል። ለሕያው ሰው የሚሰጥ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ሙሉው ቁጥር የሙታን ነው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። እኔ በተማሪነቴ ለአንዲት መምህሬ ልደት አራት ጽጌረዳ ይዤ ሄጄ በሩ ላይ የሁሉም ፊት ሲለወጥ ያየሁበትን ቀን አልረሳም። አንዷን ቀስ ብላ መዝዛ ለጎረቤቷ ሰጠቻት። የሙሽራ እቅፍም ጎዶሎ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ያቺ ያየሻት ልጅ አንድ ብትመዝ ኖሮ ለሟቹ የሕያው ቁጥር ታኖራለች፤ በእጇ የሚቀረው ደግሞ የሙታን ይሆንባታል። ሁለት ስትመዝ ግን ለወታደሩ የራሱ ደረሰው። በእቅፏ የቀረውም ጎዶሎ ነው።